የታጠበ ቡና፣ ያልታጠበ ወንዝ

ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው አንድ ክፉ አመል አይለቀውም፤ ቃል ሰምቶ ዝም ብሎ አያልፍም። እኔን ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረው «የታጠበ ቡና» የሚለው ነው። ቡናውስ ታጠበ፣ ይሁን። የታጠበበት ውኃ የት ገባ? ጊንጆ ተቀምጦ ስኒውን ፉት የሚል ሰው ይህን የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። መልሱን የሚያውቁት ከመፈልፈያው በታች፣ ወንዝ ዳር ያሉት ናቸው።

የጅማ ቡና የጥንት ወጉ መታጠብ አልነበረም። የቀላውን ፍሬ ለቅሞ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ጀንፈል ሲሆን መፈልፈል ነው። በአባ ጅፋር ዘመን በሂርማታ ገበያ የተሸጠው ቡና ውኃ ያልነካው ነበር። ነገር ግን ለቀማውና አደራረቁ ጥንቃቄ እየጎደለው ስሙ ረከሰና በዓለም ገበያ «ጅማ 5» ማለት የርካሽ ቡና መጠሪያ ሆኖ አረፈው። በ1972 እ.ኤ.አ. ግድም እሸቱን በማሽን ፈልፍሎ የማጠብ ዘዴ ወደ አገራችን ገባ። ከዚያ በኋላ ሊሙ በታጠበ ቡናው ስም አወጣ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና ማኅበር ቡና በውድድር ከአፍሪካ ምርጥ ተብሎ ሲመረጥ፣ ማኅበሩ ከተቋቋመ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ስለዚህ «ማጠብ ይቅር» የሚለኝ ቢመጣ አልሰማውም። ገበሬው ደኅና ዋጋ ያየው በዚሁ ነው።

አሁን ወደ ውኃው። ማሽኑ የፍሬውን ቆዳ ይልጣል፤ ውስጡ ግን ገና የሚያሙለጨልጭ ሙጫ ለብሷል። ሙጫው እስኪለቅ ገንዳ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይብላላል፤ ከዚያ በቦይ እየታሸ ይታጠባል። በቦዩ የሚወርደው ስኳርና ሙጫ ያዘለ ኮምጣጣ ውኃ ነው። «የፋብሪካ ኬሚካል የለበትም» ይሉናል፤ እውነት ነው። ጉዳቱ ግን ከምግብነቱ ይመጣል። ወንዝ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን እንዲህ ያለ ድግስ ሲያገኙ፣ እየበሉ በውኃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣው የሚሞተው ታፍኖ ነው። የመፈልፈያ ፍሳሽ ከመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይልቅ በብዙ አሥር እጥፍ የበረታ ነው። ይባስ ብሎ፣ ቡና የሚደርሰው ዝናቡ አቁሞ ወንዙ መክሳት ሲጀምር ነው።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ የቡና ማዘጋጃ አካባቢ ያሉ ነዋሪዎች ማዞር፣ የዓይንና የቆዳ መቆጣት፣ የሆድ ሕመም እንደሚያስቸግራቸው መናገራቸውን መዝግበዋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ያኔ አምስት ዓመት አልፎታል። አዋጁ አለ፤ ውኃውም ይወርዳል።

የተለመደው መላ ጉድጓድ ቆፍሮ ማጠራቀም ነው። እስኪሞላ ይገማል፣ ሲሞላ ይፈሳል። የትልልቅ ከተሞች መላ ደግሞ በ1914 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ላይ ከታወቀው ዘዴ የመጣ ነው። በፍሳሹ ውስጥ አየር እየነፉ፣ አየር የሚሹትን ተሕዋስያን ማብላት። ይሠራል፤ ግን ነፋሹ ሌት ተቀን መብራት ይበላል። ተሕዋስያኑም ስለሚራቡ ብዙ ዝቃጭ ይተርፋል፤ እሱን የሚያነሳ ሌላ መኪና፣ የሚደፋበት ሌላ ቦታ ያስፈልጋል። መብራት ሲመጣና ሲሄድ ለሚውል መፈልፈያ ይህን ማዘዝ ቀልድ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም። ጠላ ሲደፈደፍ የጋኑ አፍ ይመረጋል፤ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ታፍኖ ይበስላል። አየር ሲነፈጋቸው የሚሠሩ ተሕዋስያን አሉ። በ1776 እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው ቮልታ ከሐይቅ ዳር ጭቃ የሚወጣውን አረፋ ሰብስቦ እንደሚነድ አሳየ። ዛሬ ሜቴን የምንለው ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ኤክሰተር ከተማ ፍሳሿን በተከደነ ገንዳ አስገብታ በጋዙ ፋኖስ አበራች። እኛም ሩቅ አልነበርን፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አምቦ እርሻ ኮሌጅ የባዮጋዝ ማብላያ ተሠርቶ ነበር። በ1970ዎቹ ደግሞ ሆላንዳዊው ጋትሴ ሌቲንጋ በስኳር ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ ሲሠራ ዘዴውን አሳመረው። ፍሳሹ ከታች ገብቶ፣ ተሕዋስያኑ በሚኖሩበት ወፍራም የዝቃጭ ንጣፍ ውስጥ ሽቅብ ያልፋል፤ ጋዙ ከላይ ይያዛል።

ትርፉ ግልጽ ነው። አየር የሚነፋ ማሽን የለም። ዝቃጩ ከአየር ዘዴው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ኦክስጅን ሊሻማ የነበረ እድፍ፣ በአንድ ኪሎ ኦክስጅን ልክ ሲወገድ 350 ሊትር ያህል ሜቴን ይሰጣል። ያ የሚገማው ክፍት ጉድጓድ ራሱ ሳያውቀው ይህንኑ ይሠራል፤ ጋዙን ግን ለሰማይ ይለቀዋል። በኒካራጓ፣ በሆንዱራስና በጓቲማላ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደ ፕሮጀክት የቡና እጥበት ፍሳሽ ወደ ማገዶ ጋዝ ተቀይሯል።

ጀማሪ አድናቂ ግን አልሁን። ከዚህ ገንዳ የሚወጣው ውኃ ገና አልጠራም፤ ኩሬ ወይም የሣር መስክ ማለፍ አለበት። በጅማ ዙሪያ ቴክኖሰርቭ ከማኅበራቱ ጋር ሲሠራ ውኃ ቆጣቢ መፈልፈያና የቬቲቨር ሣር አስገብቷል፤ ደግ ሥራ ነው፤ ውኃው ሲቀንስ ግን እድፉ ይወፍራል እንጂ አይጠፋም። ፍሳሹ ኮምጣጣ ስለሆነም በኖራ ካልለዘበ ሜቴን ሠሪዎቹ ይታመማሉ።

ዋናው ፈተና ወቅቱ ነው። በአዲስ አበባ ቃሊቲ በ2018 እ.ኤ.አ. የተመረቀው፣ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የታቀደው ጣቢያ ይህንኑ አየር አልባ ገንዳ ይዟል፤ ከተማው ግን ዓመቱን ሙሉ ያበላዋል። መፈልፈያ ሥራ ያለው ሦስት ወር ነው። በቀሩት ወራት ተሕዋስያኑን ማን ይቀልባቸው? የከብት እበት መልስ ይሆናል፤ ጅማ ላይ እበት አይጠፋም። ሐምሌ ላይ ማስገባት የጀመረ ማኅበር ጥቅምት ላይ የደረሰ ገንዳ ይኖረዋል። የብድሩ ወረቀት ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈረመው ቡናው ከቀላ በኋላ ነው።