ርክክብ ሳይደረግበት የተዘጋው የጨርጨር የምርጫ ክልል

በአብዛኛዎቻችን ቤት ሣጥን ውስጥ «ጨርጨር አውራጃ፣ አሰበ ተፈሪ» የሚል ማኅተም ያለበት አሮጌ ወረቀት አይጠፋም። ዛሬ ጨርጨር የሚባል አውራጃ የለም፤ አሰበ ተፈሪም ጭሮ ተብላለች። በዚያ ስም ከነበረው ሕዝብ ወደ አዲስ አበባ ይላኩ የነበሩ እንደራሴዎችም የዛሬ 50 ዓመት ገደማ አብረው ቀርተዋል። ይህን ታሪክ ማንሳታችን በከንቱ አይደለም። አቤቱታችንን ለማን እንደምናቀርብ የምናውቀው ትናንት ለማን ይቀርብ እንደነበር ስንረዳ ነው።

ከተማችን ከምክር ቤት ታሪክ ጋር ያላት ዝምድና ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ የቀረበ ነው። አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት በ1910ዎቹ የጨርጨር ገዢ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ራስ ተፈሪ ጨርጨርን ለሌላው አገር አርአያ እንዲሆን ስላሰቡ የከተማዋ ስምም ከእሳቸው ስም ጋር ተያያዘ። እኚሁ ተክለ ሐዋርያት በኋላ በጅሮንድ ተብለው የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ሕገ መንግሥቱ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ፤ ሁለት ምክር ቤቶችም ተቋቋሙ። ነገር ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና የአገሩ ሹማምንት እንዲሆኑ ተደነገገ። የጨርጨር ገበሬም ሆነ የገበያ ሴት ድምፅ አልነበራትም።

ድምፅ የመጣው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሴትም፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ተፈቀደ። አገሩ በተቻለ መጠን 200,000 ሕዝብ በሚይዙ የምርጫ ክልሎች ተከፈለ፤ እያንዳንዱ ክልል ሁለት እንደራሴዎች ይልካል። ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ ለብቻው አንድ እንደራሴ ይኖረዋል፣ ከዚያ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ 50,000 ሕዝብ ደግሞ ሌላ ይጨመርለታል።

ሒሳቡን እንየው። በገጠር አንድ እንደራሴ ለ100,000 ሰው ሲደርስ፣ 30,000 ላለፈ ከተማ ግን አንዱ ለብቻው ነው። አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ ገለምሶና በዴሳ ያኔ ከዚህ ቁጥር እጅግ በታች ስለነበሩ ከገጠሩ ጋር ተደመሩ። በአሰበ ተፈሪ ገበያ የተቀመጠች ነጋዴ ሴት እና በተራራው ላይ ቡና የሚለቅም ጭሰኛ አንድ ዓይነት እንደራሴ ነበራቸው ማለት ነው። ይህ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ከተማና ገጠር አንድ ላይ ቢናገሩ ይደመጣሉና።

ችግሩ ያለው ተመራጩ ላይ ነበር። እንደራሴ ለመሆን 25 ዓመት መሙላት፣ በክልሉ መኖርና በሕግ የተወሰነ ያህል ንብረት በዚያው ክልል መያዝ ግድ ነበር። ንብረት ደግሞ በአብዛኛው የሚጻፈው በአባወራው ስም ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተሰቡ ኃላፊ አድርጎታል። ስለዚህ ሴቷ ለመምረጥ በሩ ሲከፈትላት፣ ለመመረጥ ግን ገርበብ እንዳለ ቀረ። ያም ሆኖ በመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ፤ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆንም ደረሱ።

ያ የንብረት መስፈርት ያስከተለው ሌላም ነገር አለ። የባለርስትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያስተካክለው ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤቱ ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀረ። መሬት ያለው ሰው በሚበዛበት ቤት መሬት ለሌለው የሚፈርድ ሕግ እንዴት ይጸድቃል? ከ1950 እስከ 1965 ዓ.ም. አምስት ምርጫ ተደርጎ የጭሰኛው ጥያቄ አልተመለሰም። መልሱ የመጣው ከምክር ቤቱ ውጭ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነበር።

በዚያን ጊዜ ምክር ቤቱ ራሱ አልነበረም። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ ሕገ መንግሥቱን አግዶ ምክር ቤቱን በተነ፤ የምርጫ ክልሎቹም አብረው ፈረሱ። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ያህል ሕዝቡ እንደራሴ አልነበረውም። በ1979 ዓ.ም. 835 መቀመጫ ያለው ብሔራዊ ሸንጎ ተመረጠ። በዚያው ዘመን ሐረርጌ ተከፋፍሎ ምዕራብ ሐረርጌ የሚለው ስም መጣ። ቀጥሎም አውራጃ ቀርቶ ወረዳ መሠረት ሆነ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረትም አሁን ያለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቆመ። ከ547 መቀመጫዎቹ 178ቱ የኦሮሚያ ናቸው፤ እያንዳንዱም ክልል አንድ ተወካይ ብቻ አለው።

በሒሳብ ሥራ አንድ መዝገብ ሲዘጋ ርክክብ ይደረጋል፤ ያልተከፈለው ዕዳና ያልተሰበሰበው ገንዘብ ወደ አዲሱ መዝገብ ይዞራል። የጨርጨር የምርጫ ክልል ሲዘጋ ግን ርክክብ አልተደረገም። የተጠየቀ ውኃ፣ የተጠየቀ መንገድ፣ የተጠየቀ ትምህርት ቤት ከእንደራሴዎቹ ጋር ቀረ። ከአዲሱ ስም ጋር አዲስ አቤቱታ ከሀ መጀመር ነበረበት። በየሥርዓቱ ለውጥ እንደገና የመጀመሩን ድካም በብዛት የተሸከሙት ደግሞ እንስራ ይዘው የሚወርዱት ናቸው።

ይሁን እንጂ ያኔ ያልነበረ ዛሬ አለ። ለመመረጥ ንብረት አይጠየቅም። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ 117 ሴቶች፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 212 ሴቶች ምክር ቤት ገብተዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 መራጩ በተወካዩ ላይ እምነት ካጣ በሕግ መሠረት እንዲያወርደው መብት ሰጥቶታል። በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት አላቸው።

ስለዚህ ማኅበራችን ከአባላቱ የሚጠብቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የቤትሽና የቁጠባሽ ወረቀት በስምሽ ይሁን። ሁለተኛ፣ የምትኖሪበትን የምርጫ ክልልና የተወካይሽን ስም እወቂ። ሦስተኛ፣ ለወረዳም ሆነ ለተወካይ የምናቀርበው ጥያቄ ሁሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ቀን ይኑረው፣ ቅጂውም በማኅበሩ ፋይል ይቀመጥ። ክልል ሊፈርስ፣ የከተማ ስም ሊለወጥ ይችላል። ቅጂው በእጃችን ካለ ግን የሚቀጥለውን መዝገብ ባዶውን አንከፍትም።