ማንበብ የማይችል አታሚ፣ ማተም የማይችል አንባቢ



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአጥቢያችን አንዲት እናት ወደ ጌታ ሄዱ። እኚህ እናት ለብዙ ዓመታት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጡ አዳራሹን ይጠርጉ፣ ወንበሩን ይወለውሉ ነበር። መድረክ ላይ ቆመው አያውቁም፤ ስማቸውም በማስታወቂያ ተጠርቶ አያውቅም። በዓመቱ መጨረሻ ባሳተምነው የምስጋና ቡለቲን ጀርባ ላይ፣ አገልግለው በጌታ ያንቀላፉ ወገኖችን ስም ስንዘረዝር የእርሳቸውን ስም ከሁሉ በታች ጻፍን። ቡለቲኑ ከማተሚያ ቤት መጣ፣ እሁድ ጠዋት ታደለ። አምልኮው እንዳለቀ ልጃቸው ወረቀቱን ይዛ ወደ እኛ መጣች። ምንም አልተናገረችም። የገጹን ግርጌ በጣቷ ብቻ አሳየችን። ከስማቸው የላይኛው ግማሽ ብቻ ቀርቷል፤ የታችኛውን የወረቀት መቁረጫው ወስዶታል።

ሰኞ ጠዋት ማተሚያ ቤቱን ልንወቅስ ደወልን። ስልኩን ያነሣው ሠራተኛ በትሕትና እንዲህ አለን፦ «ፓስተር፣ ጽሑፉን ከጠርዙ ጋር አጣብቃችሁ ነው የላካችሁልን። መቁረጫው እኮ ስም አያነብም።»

እውነቱን ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው። ያ ቃል ግን ከአእምሯችን አልወጣም። መቁረጫው ስም አያነብም፤ ማተሚያ መኪናውም አያነብም። የሚያነብ ሰው ከሌለ ስሕተቱ በሺህ ቅጂ ይባዛል። ነገሩን ስናስበው ይህ ችግር በእኛ የተጀመረ እንዳልሆነ አስታወስን። የመጀመሪያዎቹ የፊደላችን ኅትመቶች ታሪክም ይኸው ነው።

ሮም ላይ የተጠየቀ ይቅርታ

በእኛ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው። የታተመውም እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ነበር። ማርቲን ሉተር 95ቱን አንቀጾች ሊያወጣ ገና 4 ዓመት ይቀረው ነበር። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ከተማ ካህን ነው። ሮም ውስጥ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲጸልዩ ሰማ፤ ቀርቦ ግዕዝን ከእነርሱ ተማረ፤ ፊደሉን አስቀርጾም አሳተመ። የሚያስገርመው፣ ይህ ሁሉ ድካም ባለበት መጽሐፍ ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ መሰየሙ ነው። በፊደላችን የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ የቋንቋውን ስም ተሳስቶ ወጣ ማለት ነው። መዝሙሩ ግን መዝሙረ ዳዊት ነበር፤ ለአንባቢውም ደረሰ።

ከ35 ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ ሌላ ሥራ ተጀመረ። በአህመድ ግራኝ ጦርነት ዘመን ከደብረ ሊባኖስ ወጥተው ሮም የደረሱ አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነበሩ፤ ስማቸው ተስፋ ጽዮን ነው። የኢትዮጵያ ተሳላሚዎች በሚያርፉበት፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀመጡ። በአገራቸው ገዳማትና መጻሕፍት ተቃጥለው ሳለ እርሳቸው በስደት ሆነው ከጓደኞቻቸው ጋር የግዕዝ አዲስ ኪዳንን ለኅትመት አዘጋጁ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ታትሞ ወጣ። በእጃቸው የነበረው የሐዋርያት ሥራ ቅጂ ጎደሎ ስለነበር የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉት። ይህንንም አልደበቁም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ገለጹት።

ከሁሉ በላይ ልባችንን የነካው ግን ለአንባቢ ያቀረቡት ይቅርታ ነው። ፊደሉን የሚለቅሙት ጣሊያናውያን ሠራተኞች ግዕዝ ማንበብ አይችሉም ነበር። ማንበብ የሚችሉት መነኮሳት ደግሞ የማተም ሙያ አልነበራቸውም። ስለዚህ መነኮሳቱ ያለ ሐፍረት እውነቱን ተናገሩ፤ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ሆነን ተረዳዳን፣ ስለ ስሕተታችን ይቅር በሉን አሉ።

ጌታችን ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ጉድጓድ ይወድቃሉ ብሎ አስተምሯል (ማቴ. 15፥14)። መነኮሳቱ ግን መርተናል አላሉም፤ ተረዳድተናል ነው ያሉት። መሪ ነኝ የሚል ዕውር ሌላውን ይዞ ይወድቃል። ዕውርነቱን አምኖ የባልንጀራውን እጅ የሚይዝ ግን ቀስ እያለም ቢሆን ይደርሳል። እነዚያ ሁለት ወገኖች በቋንቋም በሙያም ሳይገናኙ አዲስ ኪዳንን በፊደላችን አስረከቡን።

ታትሞ ያላዩት፣ ሄደው ያዩት

ከዚያ ወዲህ 300 ዓመት ገደማ ቆይቶ መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ታተመ። ትርጉሙን የሠሩት አቡ ሩሚ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ካይሮ ውስጥ ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአስሊን ዴ ሼርቪል ጋር ለ10 ዓመት ያህል ተቀምጠው በእጃቸው የጻፉት 9,539 ገጽ ነው። ብራናውን እ.ኤ.አ. በ1820 ዊልያም ጆዌት ለእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ለንደን ላይ ለኅትመት ያዘጋጀው ደግሞ ቶማስ ፔል ፕላት የሚባል ሊቅ ነበር። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ወጡ። አቡ ሩሚ ግን ከዚያ በፊት አርፈው ነበር። ከጻፉት ሁሉ አንዲት የታተመች ገጽ እንኳ አላዩም። በማተሚያ ቤቱ «ይህ ቃል እንዲህ አይደለም» ሊሉ የሚችሉት ሰው አልነበሩም ማለት ነው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ ከዚህ የተለየ ዕድል ነበራቸው። በልጅነታቸው በባርነት ተሽጠው ምጽዋ ላይ ነጻ የወጡት እኚህ አገልጋይ፣ እንደ እርሳቸው ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር እየሠሩ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አዘጋጁ። አዲስ ኪዳኑ እ.ኤ.አ. በ1893 ምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ፣ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና ታተመ፤ የተጻፈውም በእኛው ፊደል ነው። ለዚህ ሥራ ኦኔሲሞስ ራሳቸው ባሕር ተሻግረው ሄዱ፤ ኅትመቱንም በቦታው ሆነው ተከታተሉ። ከተርጓሚነት ወደ አራሚነት መውረድ አላሳፈራቸውም። የተረጎሙትን ቃል እስከ መጨረሻዋ ገጽ ተከትለው ሄዱ።

የካርቦንና የስቴንስል ዘመን

ኅትመት ወደ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የወረደው ግን በትልልቅ ማተሚያ ቤቶች አልነበረም፤ በጽሕፈት መኪናና በስቴንስል ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪናን ለአማርኛ ፊደል ለማብቃት ከደከሙ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያንም እንደ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የራሷን ወረቀት መጻፍ ቻለች።

ስቴንስል የማያውቁ ወጣቶች ስላላችሁ እንግለጸው። ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። የመኪናው ሪባን ከመንገድ ይነሣል፤ ፊደሉ ሰሙን ይበሳዋል፤ በኋላ በማባዣው ላይ ቀለም በቀዳዳው አልፎ ወረቀቱን ያትማል። ሲጻፍ ግን ቀለም ስለሌለ ጸሐፊው የጻፈውን ደህና አድርጎ አያየውም። ስለዚህ ከማባዛት በፊት ሌላ ሰው ስቴንስሉን በመስኮት ብርሃን ላይ ይዞ ያነበዋል። ስሕተት ሲገኝ ማረሚያ ፈሳሹ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ፊደሉ እንደገና ይመታል። አሠራሩ ራሱ ሁለት ሰው ይጠይቅ ነበር።

በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ይህም ቀረ። ማባዣ መያዝ ያስጠይቅ ስለነበር መዝሙርና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በደብተር ይገለበጥ፣ በካርቦን ሦስት አራት ቅጂ ይወጣለት ነበር። እኛም በወጣትነታችን ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፉት ወረቀቶች አንብበናል። የመጨረሻው የካርቦን ቅጂ በጣም ከመደብዘዙ የተነሣ ጥቅሱን በግምት እንሞላው ነበር። ወረቀት ውድ ስለነበር ማንም የማይረባ ነገር አይጽፍበትም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1992 የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቅድመ ምርመራን ሲያስቀር፣ ኮምፒውተርም ሲስፋፋ፣ በየአጥቢያው ቡለቲን ማውጣት ቀላል ሆነ። ከቅለቱ ጋር ግን አዲስ ዓይነት ዕውርነት መጣ። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለአንዱ ፊደል እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለነበር፣ በእኛ ኮምፒውተር «እግዚአብሔር» የተባለው በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ሲካተት ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ ቋሚ ቁጥር ተሰጠው፤ ችግሩም ቀስ በቀስ ቀለለ።

ዛሬ ቡለቲን ለምታዘጋጁ

ከላይ ያለው ታሪክ ለዛሬው ሥራችን ምን ያስተምራል? በየአጥቢያው ቅዳሜ ማታ ኮምፒውተር ፊት ለምትቀመጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ በራሳችን ስሕተት የተማርነውን እናካፍላችሁ።

አንድ ኤ4 ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናል። ስለዚህ ታጥፎ የሚሰፋ ቡለቲን የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት። ጽሑፉ 6 ገጽ ከሆነ ወይ ወደ 4 አሳጥሩት፣ ወይ ወደ 8 አሳድጉት። ከመላካችሁ በፊት ባዶ ወረቀት አጥፋችሁ የገጹን ቁጥር በእጃችሁ ጻፉበት፤ ባለ 8 ገጹ ቡለቲን ላይ 1ኛውና 8ኛው ገጽ ጎን ለጎን ሲውሉ ታያላችሁ።

የጀርባው ቀለም ወይም ሥዕሉ እስከ ጠርዝ የሚደርስ ከሆነ ከጠርዙ አልፎ 3 ሚሊ ሜትር ይጨመርለት፤ መቁረጫው ትንሽ ቢዛነፍ ነጭ መስመር እንዳይታይ ነው። ጽሑፍ ግን ከጠርዙ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ይህችን አንዲት ሳንቲ ሜትር ብናውቅ ኖሮ የዚያችን እናት ስም ባልቆረጥን ነበር።

በስልክ የተነሣ ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፤ እንደ ፋይል ይላክ። ፎቶው በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ ቢሆን ይመረጣል። በስክሪን ላይ የሚያበራው ቀለም ወረቀት ላይ ደብዘዝ እንደሚልም ጠብቁ፤ ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ ቤት በአራት ቀለም ነው የሚሠራው። ፋይሉን ፊደሉ ውስጡ ባለበት ፒዲኤፍ ላኩ።

ከሁሉ በላይ ግን ያዘጋጀው ሰው ብቻውን አያርመው። ጸሐፊው የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ነው የሚያነበው። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ሌላው ከዋናው ጋር ያስተያይ። ስም፣ ቀን፣ ስልክ ቁጥርና የጥቅስ ቁጥር ለብቻቸው እንደገና ይታዩ። እ.ኤ.አ. በ1631 ለንደን ላይ በታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ከዐሥሩ ትእዛዛት ውስጥ አንዲት የክልከላ ቃል ተዘለለችና ትእዛዙ አመንዝሩ የሚል ሆኖ ወጣ፤ አታሚዎቹም 300 ፓውንድ ተቀጡ። በእኛ ቋንቋማ አንዲት ፊደል ብትጎድል በቂ ናት። ማተሚያ ቤቱ የናሙና ቅጂ ሲሰጣችሁም ሳታነቡ አትፈርሙ። የአታሚው ሙያ ከእናንተ ይሻላል፤ የምእመናኑን ስም የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። አትናቁት፣ እርሱም አይናቃችሁ፤ ተረዳዱ።

ይህ አገልግሎት ነው። የሮሜን መልእክት በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ ነበር፤ ስሙ በመጨረሻው ምዕራፍ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል (ሮሜ 16፥22)። ኤርምያስ የተናገረውን ባሮክ ጻፈ፤ ንጉሡ ቢያቃጥለው እንደገና ተቀምጦ ጻፈው (ኤር. 36)። እግዚአብሔር ቃሉን በእንደነዚህ ባሉ ሰዎች እጅ ማለፉን አልናቀም።

የዚያችን እናት ነገር እንጨርስ። ገጹን እንደገና አሳተምነው፤ በሚቀጥለው እሁድም ጥፋቱ የእኛ መሆኑን በጉባኤ ፊት ተናገርን። አዲሱን ወረቀት ይዘን ወደ ልጃቸው ቤት ሄድን። ቡና አፍልታ ጠበቀችን። ስሙን ደጋግማ አነበበችው፣ ከዚያም እያለቀሰች «እናቴ እኮ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ደስ የሚላት ግን እኔ ሳነብላት ነበር» አለችን።

ወገኖች፣ በእኛ ወረቀት ላይ ስም ሊቆረጥ ይችላል። ጌታ ግን ደቀ መዛሙርቱን ስማቸው በሰማይ ስለ ተጻፈ ደስ እንዲላቸው ነግሯቸዋል (ሉቃ. 10፥20)። በዚያ መዝገብ ላይ የጠርዝ ስሕተት የለም። ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ የእናንተም ስም በዚያ እንዲጻፍ ዛሬ ወደ እርሱ እንድትመጡ በፍቅር እንለምናችኋለን።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።