አድባር በቀለም

ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ላሜራ ላይ ስጽፍ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የቡና ቤት አንበሳ፣ የፀጉር ቤት ሸንቃጣ ሴት፣ በደርግ ጊዜ ደግሞ ለአብዮት በዓል የማርክስ ጢም፤ ያልሳልኩት የለም። ሥዕልን የማውቀው በዘይት ቀለምና በአኳራጅ ሽታ ነው፣ ከትምህርት ቤት አይደለም። ዛሬ የማወራው ግን ስለ አድባርና አድባርን ስለሳለ አንድ የደሴ ልጅ ነው።

በእኔ ልጅነት አድባር የሌለው ሰፈር አልነበረም። ወርካ ሊሆን ይችላል፣ ምንጭ ወይም ጉብታ። ግንቦት ልደታ ሲደርስ ሴቶቹ ጀበናቸውን ይዘው ይወጣሉ። ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ንፍሮው በሰፌድ ይቀርባል። አያቴ በቅጠል የያዘችውን ቅቤ በአውራ ጣቷ እየቆነጠረች ግንዱን ትቀባው ነበር፤ የዛፉ ቅርፊት በዚያ በኩል ጠቁሮ ያብረቀርቅ ነበር። ከአቦሉ መጀመሪያ የሚቀዳው ሲኒ ሥሩ ላይ ይፈሳል። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ዕጣኑን አጭሳ ዱዓውን ትጀምራለች፣ አያቴ «አሚን» ትላለች። ወሎ ውስጥ ይህን እንደ ጉድ የሚያይ አልነበረም። መስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም ለሚወጣው ስንቅ የሚያቀብለው ጎረቤት፣ በመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ መስጊድ ሲሄድ ደግሞ በተራው ይሸኛል።

ቄሱም ሼሁም አድባሩን አይወዱትም ነበር። ሴቶቹ ሁለቱንም አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ጀበናቸውን ይጥዳሉ።

ልማዱን ያዳከመው ስብከት ብቻ ነው ሲባል አልቀበልም። እኔ እንዳየሁት ትልቁን ሥራ የሠራው አጥር ነው። ቦታው ካርታ ሲወጣለት ወርካው የአንድ ሰው ግቢ ውስጥ ይገባል፤ የሰው በር አንኳኩቶ ቡና የሚያፈስ ደግሞ የለም። ኮምቦልቻም ብትወርዱ ያው ነው። ሐረጎን ጨርሳችሁ ሜዳው ላይ ስትደርሱ ፋብሪካና መጋዘን ይቀበላችኋል፤ በ2009 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ሥራ መምጣቱ መልካም ነው፣ አልቃወምም። ግን ለእንጀራ የመጣ ወጣት የአገሩን አድባር ማን ያሳየዋል?

አድባርን የሳለው ልጅ ሮቤል ተመስገን እ.ኤ.አ. በ1987 ደሴ ተወለደ። አዲስ አበባ በሚገኘው «አለ» የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ እ.ኤ.አ. በ2010 ተመረቀ፣ ከዚያ ኖርዌይ ትሮምሶ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። «አድባር» ብሎ የሰየማቸው ተከታታይ ሥዕሎች አሉት፤ መንፈስ ያድርባቸዋል የሚባሉትን ዛፍ፣ ተራራና ውሃ በደማቅ ቀለም የሚያነሱ ናቸው። ለንደን ድረስ ታይተዋል። ጋዜጣን በእጁ እየጻፈ የሠራው ሌላ ሥራም አለው። እኔ ዕድሜዬን በፊደል ስለጨረስኩ ይሄኛው ነው የበለጠ የገረመኝ። ማተሚያ ባለበት ዘመን ዓምድ በዓምድ በእጅ መጻፍ ትዕግሥት ብቻ ሳይሆን ክርክርም ነው። ባነር አታሚው ሥራዬን ከወሰደብኝ ወዲህ ደግሞ ክርክሩ በደንብ ይገባኛል።

የእነዚህ ሥዕሎች ክብደት የሚታየው ከእነሱ በፊት ዓለም ስለ ወሎ ምን እንዳየ ሲታሰብ ነው። በ1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ቢቢሲ ከቆረም ያሳየው የረሃብ ምስል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሕይወትም አትርፈዋል። ነገር ግን ወሎ ማለት የተዘረጋ እጅ ብቻ ሆኖ ቀረ። ከቆረሙ ምስል ሦስት ዓመት ገደማ በኋላ የተወለደው ሮቤል አድጎ ሲስል ያነሣው ረሃቡን ሳይሆን ጠባቂውን አድባር ነው። ወልድያ የተወለደው ታደሰ መስፍንም እንዲሁ፤ የሳላቸው የገበያ ሴቶች የሚያሳዝኑ አይደሉም፣ ዕቃቸውን ይዘው እንደ ምሰሶ የቆሙ ናቸው። ይህን የአጋጣሚ ጉዳይ ነው ብዬ አላልፈውም። ሠዓሊዎቻችን ስለ እኛ የተነገረውን በራሳቸው መንገድ እያረሙት ነው።

ቅር የሚለኝ የአያቴ ዓይነት ቡና ዛሬም የሚያፈሉ የደሴ ሴቶች የሮቤልን አድባር አለማየታቸው ነው። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል፤ ባዶ የቀረውን ቦታ ለመሙላት የድሮ ዕቃ ብቻ አንጠብቅ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴና ኮምቦልቻ ግቢ አለው። ዋናው ሥዕል ባይገኝ ቅጂው ይምጣ፣ ሠዓሊውም ይጋበዝ፣ መክፈቻው ግንቦት ልደታ ይሁን፣ እናቶችም ጀበናቸውን ይዘው ይግቡ። የበሩን ጽሑፍ እኔ በነፃ እጽፋለሁ።