ሳይመሽ ውጣ፦ የይፋት ቆላ፣ ንዳድና መንፈስ የሚለው ቃል

ጣርማበር ዋሻ አካባቢ ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉም ከወረደ ፊት ለፊት ያለው መኪና አይታይም። ዋሻውን አልፈን፣ ደብረ ሲናን ትተን ቁልቁል መጠማዘዝ ስንጀምር መስኮት ይከፈታል፣ ቀጥሎ ጃኬት ይወልቃል። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ማንጎ የሚሸጡ ልጆች በላብ ተጠምቀው ይቀበሉናል። ከተማዋ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከብርድ ልብስ አገር ወደ አጎበር አገር ተወረደ ማለት ነው።

ደጋ የምትኖረው አያቴ ወደ ሮቢት ለሚወርድ ዘመድ ሁሉ አንድ ትእዛዝ ነበራት፦ ሳይመሽ ውጣ፣ ውኃ ዳር እንዳታድር። ለምን ስትባል መልሷ አጭር ነው። ሲመሽ የውኃው ባለቤቶች ይነሳሉ። ስማቸውን አትጠራም፤ ሌላው ሰው ግን ጋኔን፣ ጂኒ፣ መንፈስ ይላቸዋል። እነሱ የነኩት ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ይነዳል፣ ይቃዣል።

ልጅ ሳለሁ እፈራ ነበር። ምሕንድስና ስገባ ሳቅሁበት። ኋላ ላይ ስለ ወባ ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ፤ ለካ ትእዛዙ ትክክል ነበር።

ቀመር ካላየሁ ነገር አይዋጥልኝምና በቀመር ላሳያችሁ። የወባ ጥገኛ ተሕዋስ ከሰው ወደ ሰው ለመተላለፍ መጀመሪያ ቢምቢዋ ሰውነት ውስጥ መብሰል አለበት። ለዚህ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። ገዳይ ለሆነው ዓይነት፣ ለፋልሲፓረም፣ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፦ ከአየሩ ሙቀት ላይ 16 ቀንሱ፣ በተገኘው ቁጥር 111ን አካፍሉ። መልሱ ለመብሰል የሚፈጀው የቀን ብዛት ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን 12 ቀን ገደማ ይመጣል። 20 ዲግሪ ላይ 28 ቀን። 17 ዲግሪ ላይ 111 ቀን! ቢምቢ ደግሞ ያን ያህል አትኖርም፤ ከሦስትና ከአራት ሳምንት ያለፈች ቢምቢ ብርቅ ናት። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚቀንስ፣ የሮቢቷ ቢምቢ የምትሠራውን ሥራ የደብረ ብርሃኗ ልትሠራው አትችልም። ጥገኛውን ሳታበስል ትሞታለች።

ሰዓቱም ያው ነው። አኖፌለስ፣ ወባ የምታስተላልፈዋ ቢምቢ፣ በአብዛኛው የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። እንቁላሏን የምትጥለውም የተኛ ውኃ ላይ ነው። እንግዲህ የአያቴን ትእዛዝ መልሳችሁ አንብቡት፦ ሳይመሽ ውጣ፣ ውኃ ዳር አትደር። የጤና ባለሙያ በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ከዚህ የተሻለ ምክር አይሰጥም።

ይህን የሚያውቁት ደገኞች ብቻ አልነበሩም። ይፋት ባዶ ቆላ ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከ1285 በኋላ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው የይፋት ሱልጣኔት መነሻ ነው፤ ንግዱ በአፋር በረሃ አቋርጦ እስከ ዘይላ ወደብ ይዘረጋ ነበር። የአርጎባ ሰዎች የቆዩ መንደሮች ዛሬም ብዙዎቹ ተራራ ጫፍ ላይ ናቸው፤ እርሻቸው ግን ከሥር፣ ቆላው ላይ። ቀን ወርዶ ማረስ፣ ማታ ወጥቶ መተኛት። አምባው ከጠላት ለመከላከል እንደሚመች ግልጽ ነው። እግረ መንገዱን ደግሞ እንቅልፉን ከቢምቢዋ ሰዓት አውጥቶታል።

ታዲያ ልምዱ ትክክል ሆኖ ማብራሪያው እንዴት «መንፈስ» ሆነ? እዚህ ላይ ቃሉን ራሱን መፍታት ያስፈልጋል። መንፈስ የመጣው «ነፈሰ» ከሚለው ግሥ ነው። ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፣ መተንፈስ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በዓረብኛ ነፍስና ነፈስ (ትንፋሽ) እንደዚሁ ዘመዳሞች ናቸው። የላቲኑ ስፒሪቱስም «መተንፈስ» ከሚል ግሥ የወጣ ነው፤ የግሪኩ ፕኔውማ ደግሞ ነፋስም ትንፋሽም መንፈስም ነው። ሰዎች በየአገሩ አንድ ነገር አስተውለዋል፦ ነፋስ አይታይም፣ ዛፉ ግን ይወዛወዛል። ትንፋሽ አይታይም፣ ሲቋረጥ ግን ሰውየው ሬሳ ነው። ስለዚህ «የማይታይ ግን የሚሠራ ነገር» ለሚለው ሐሳብ ከነፋስ ቤት ቃል ተበደሩ።

ሳይንስም ከዚሁ ቤት ነው የወጣው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፍላንደርሳዊ ሐኪም ቫን ሄልሞንት ከሰል ሲያቃጥል የሚያመልጠውን የማይጨበጥ ነገር «የዱር መንፈስ» ብሎ ጠርቶታል። ጋዝ የሚለውንም ቃል የፈጠረው እሱ ነው። ዛሬ ያንን «የዱር መንፈስ» ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንለዋለን፤ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ አስገብተን እንሸጠዋለን።

«ማላሪያ» የሚለውስ ስም? ጣልያንኛ ነው፤ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። የአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ትኩሳቱን ያመጣው ከረግረግ የሚነሳ የተበከለ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። የአያቴ የውኃ ዳር መንፈስና የእነሱ የረግረግ አየር ያን ያህል አይራራቁም፤ ሁለቱም የማይታየውን ነገር በነፋስ ቋንቋ ነው የጠሩት። (የእኛው «ንዳድ» ይሻላል ባይ ነኝ። መነሻውን አውቃለሁ ሳይል የሚያደርገውን ብቻ ይናገራል፦ ያነዳል።)

እንዲያውም አንዳንዱ የአገር ሰው ከሐኪሞቹ ቀድሞ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ተነስቶ ሐረር ገብቷል። በ1856 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የሱማሌ ሰዎች የቢምቢ ንክሻ ገዳይ ትኩሳት ያመጣል ብለው እንደሚያምኑ ጽፎ፣ እምነቱን አጉል እምነት ይለዋል። ቢምቢውም ትኩሳቱም በአንድ ወቅት ስለሚበረቱ ነው የተምታታባቸው ብሎ ገመተ። እስቲ አስቡት! ላቨራን የተባለው የፈረንሳይ ጦር ሐኪም አልጄሪያ ውስጥ ጥገኛ ተሕዋሱን በበሽተኛ ደም ያየው በ1880 ነው። ሮናልድ ሮስ ሕንድ አገር በቢምቢ ሆድ ውስጥ ያገኘው በ1897 ነው። በርተን «አጉል» ካለው 41 ዓመት በኋላ።

ይህን ይዞ «የአባቶች ዕውቀት ሁሉ ልክ ነው» ወደሚል መዝለል ግን አያዋጣም። በመኸር ወራት የወባን ጥፋት በጥንቅሽና በእሸት በቆሎ ላይ የሚያላክከውም እኮ ያው የአገር ሰው ነው። ጥንቅሽ የሚደርሰውና ወባ የሚበረታው በአንድ ሰሞን ነው፤ በርተን የገመተው ስሕተት እዚህ ላይ በእርግጥ ተፈጽሟል። የአየሩም ነገር ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አገራችን ሲገባ፣ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ሲተርፉ፣ ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አቃጥለን አካባቢውን የምናጥነው ከዚያ ጋር ተያይዞ ነው። ጭሱ ቫይረስ አይገድልም። ያ በሽታ ግን በእውነትም በትንፋሽ የሚሄድ ነበር። «መጥፎ አየር» የሚለው ሐሳብ በወባ ተሳሳተ፣ በኅዳር በሽታ ተጠጋ።

የይፋት ዓይነቱ ሕግ የፈረሰበት ዓመትም አለ፤ እ.ኤ.አ. 1958። ዝናቡ ከወትሮው በዛ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ጨመረ፣ ወባም ተራራ ወጣ። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያሉ፣ በሽታውን እምብዛም የማያውቁ ሰፊ የአገሪቱ አካባቢዎች ተመቱ። 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ከላይ ያለውን ስሌት አስታውሱ፤ ሁለት ዲግሪ ከፍ ቢል የ55 ቀኑ ሥራ ወደ 28 ይወርዳል። «ሳይመሽ ውጣ» የሚለው ትእዛዝ፣ የምትወጣበት ቦታ ራሱ ሲነድ ምን ይጠቅማል? በቀጣዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዲዲቲ የሚረጩ ሰዎች በየጎጆው ገቡ፤ ቢምቢዋ በይፋ ተከሳሽ ሆነች።

የሚገርመኝ አጋጣሚ፣ በዚያው 1958 ሳይመን መሲንግ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ስለ ዛር አንድ ጽሑፍ አሳተመ። የሠራው ጎንደር ነው። ዛር አለ ወይስ የለም ብሎ አልተከራከረም፤ እዚያ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ ነው ያየው። ያገኘውም ብቻቸውን የቀሩ፣ ሰሚ ያጡ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ተሰብስበው አብረው የሚታከሙበትን ቡድን ነው። አንዱ የመንፈስ ሥራ በቢምቢ ሆድ ውስጥ ተገኝቶ በማይክሮስኮፕ ተብራራ። ይሄኛው ግን ማይክሮስኮፕ ሥር አይገባም፤ በሰውና በሰው መካከል ነው ያለው። ዘመናዊዎቹስ ብንሆን መቼ ተውነው? የቡድን መንፈስ እንላለን፣ ዳኛው የሕጉን መንፈስ ይመረምራል። ማንም ጋኔን ማለቱ አይደለም፤ የማይታይ ግን የሚሠራ ነገር ማለቱ ነው።

ይፋትና ወሎ ላይ የዚህ መልኩ ወዳጃ ነው፤ ቡና ተፈልቶ፣ ጫት ተይዞ፣ ዕጣን ጨሶ በጋራ የሚደረግ ዱዓ። አጎቴ ሮቢት አቅራቢያ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። አንድ ጥቅምት ታመመ፤ በሦስተኛው ቀን ይለፈልፍ፣ የሌለ ሰው ይጠራ ጀመር። ፋልሲፓረም አንጎልን ሲያጠቃ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ቶሎ ካልታከመ ይገድላል። ለዚህ ነው ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ የሚባለው። ቤተሰቡ ግን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ወባ ነው አለ፤ ግማሹ ውኃ ዳር ሲያመሽ ተለክፎ ነው አለ። በክርክሩ መሐል ያለፈው ሰዓት አሁንም ሲታወሰኝ ያንገበግበኛል። በመጨረሻ ተሸክመው ወዳጃ ወሰዱት።

ሼኹ ግንባሩን ዳስሰው ብዙ አልቆዩም። «ይሄ ልጅ ይነዳል። ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ዱዓው ከኋላው ይደርሳል» አሉ። እዚያው ተቀምጦ ከነበረው ሰው የመኪና ብር ተዋጣ፣ አራት ጎረምሶች በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ አደረሱት። ጣቱ ተወግቶ ውጤቱ ሲታወቅ 20 ደቂቃ አልፈጀም። መርፌው ተጀመረ፣ በሳምንቱ እህል ቀመሰ።

በኋላ የምን መንፈስ እንደነካው ጠየቅሁት፤ ልቀልድበት ፈልጌ ነበር። «ቢምቢ ናታ፣ አታውቅም እንዴ? የተማርክ አይደለህም?» አለኝ። ወዲያው ደግሞ ለወዳጃው የሚወስደውን ቡና ማጠር ቀጠለ። ባለፉት ዓመታት ወባ በአገራችን እንደገና አገርሽቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ይህን ነግሬው ወደ ጓሮ ስወጣ የተሰጠው አጎበር የሽንኩርት ችግኝ ላይ ተዘርግቷል። ተቆጣሁት። የልጆቹ አልጋ ላይ ሌላ አለ አለኝ፤ ገብቼ አየሁ፣ እውነትም አለ፤ አንዱ ጥግ ግን ተቀዶ በሻሽ ተቋጥሯል።