በዲንሾ የሚገኘውን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሙዚየም በቡድን ለመጎብኘት የሚረዳ መረጃ

በባሌ ደጋማ አካባቢ ሙዚየም በቡድን ለመጎብኘት ለሚፈልጉ ትምህርት ቤቶች፣ ማኅበራት፣ ዕድሮችና መሥሪያ ቤቶች ምቹ ከሆኑት መዳረሻዎች አንዱ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ ዲንሾ ላይ የሚገኘው ሙዚየም ነው። ይህ መረጃ የቡድን አስተባባሪዎች ጉዞውን አስቀድመው እንዲያቅዱና ጎብኚዎችም በጉብኝቱ ወቅት ያሉባቸውን ግዴታዎች እንዲያውቁ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

1. ቦታውና መንገዱ

ዲንሾ ከሮቤ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ትገኛለች። ከጎባ የሚነሡ ቡድኖች በቅድሚያ ወደ ሮቤ የሚወስደውን አጭር መንገድ ይጓዛሉ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ በሻሸመኔ ወይም በአሰላ አድርገው ዶዶላና አዳባን ካለፉ በኋላ ሮቤ ከመድረሳቸው በፊት ዲንሾን ያገኛሉ። በመሆኑም ከሮቤና ከጎባ የሚነሣ ቡድን ጉብኝቱን በአንድ ቀን አጠናቆ መመለስ ይችላል። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ቡድን ግን ቢያንስ ሁለት አዳር ሊይዝ ይገባል።

2. በሙዚየሙ የሚታየው

ሙዚየሙ አነስተኛ ነው። በውስጡ ቆዳቸው ተሞልቶ የተዘጋጁ የዱር እንስሳትና አእዋፍ፣ የራስ ቅሎችና ቀንዶች ይታያሉ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጎብኚዎች ለሦስት እንስሳት የተለየ ትኩረት ቢሰጡ የአካባቢውን ታሪክ በሚገባ ይረዳሉ። የመጀመሪያው የደጋ አጋዘን ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በስተቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ በሳይንስ የተመዘገበውም እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ሁለተኛው ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ነው። ሦስተኛው የባሌ ግዙፍ ፍልፈል ሲሆን፣ የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ምግብ ነው።

ይህ ፍልፈል በሰው ልጅ ታሪክም ስፍራ አለው። በባሌ ተራሮች በፊንጫ ሀበራ የድንጋይ መጠለያ የተካሄደው ቁፋሮ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች በዚህ ከፍታ ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። ነዋሪዎቹ ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ ይመገቡ፣ መሣሪያቸውንም ከከፍታው ላይ ከሚያገኙት ባልጩት ይሠሩ ነበር። የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሆኗል። መምህራን ይህን ታሪክ ለተማሪዎች አስቀድመው ቢያስረዱ፣ በሙዚየሙ የሚታየው ናሙና ለተማሪው የላቀ ትርጉም ይኖረዋል።

3. ከጉብኝቱ በፊት

የቡድኑ አስተባባሪ የጎብኚዎችን ብዛት፣ የዕድሜ ክልል፣ የጉብኝቱን ቀንና የሚደርሱበትን ሰዓት የሚገልጽ ደብዳቤ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ማቅረብ ይኖርበታል። የመግቢያ ክፍያ ለኢትዮጵያውያንና ለውጭ አገር ዜጎች የተለያየ በመሆኑ፣ በሥራ ላይ ያለውን ተመን በዚሁ አጋጣሚ መጠየቅ ይገባል። ክፍያ ሲፈጸምም ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል።

ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ብዙ አባላት ያሉት ቡድን ከ15 እስከ 20 ሰው እየሆነ ቢከፋፈል ይመረጣል። አንዱ ክፍል በሙዚየሙ ውስጥ ማብራሪያ ሲያዳምጥ፣ ሌላው በአስጎብኚ እየተመራ በግቢው ዙሪያ በእግር ሊጓዝ ይችላል። በዚያ የደጋ አጋዘን፣ ድኩላና ከርከሮ በቅርብ ርቀት ይታያሉ። እንዲህ ያልተከፋፈለ ቡድን በአንድ ጊዜ ተጨናንቆ ገብቶ፣ ከኋላ ያሉት አባላት ምንም ሳያዩና ሳይሰሙ ሊወጡ ይችላሉ። የጉዞው መርሐ ግብር የጁምዓ ሶላትንና የጾም ጊዜን ከግምት ማስገባት ይኖርበታል።

ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከቆላ የሚመጡ፣ የልብና የመተንፈሻ አካላት ሕመም ያለባቸው ጎብኚዎች አስቀድመው ሐኪም ማማከር አለባቸው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ደረቅ በመሆናቸው ለጉዞ ይመቻሉ፤ ሌሊቱ ግን እጅግ ስለሚቀዘቅዝ ወፍራም ልብስ መያዝ ያስፈልጋል።

4. በጉብኝቱ ወቅት

ናሙናዎችን በእጅ መንካት አይገባም። ከእጅ የሚወጣው ላብና ቅባት ቆዳንና ላባን ቀስ በቀስ ያበላሻል፤ ብርቅዬ እንስሳት በመሆናቸውም የተበላሸውን ናሙና በሌላ መተካት ቀላል አይደለም። ፎቶግራፍ ለማንሣት አስጎብኚውን ማስፈቀድ ይገባል።

ውሻ ይዞ ወደ ፓርኩ መግባት ክልክል ነው። ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ በተደጋጋሚ ተከስቶ በርካታ ቀይ ቀበሮዎችን ገድሏል። በፓርኩ ዙሪያ የሚኖሩ ዜጎችም ውሾቻቸውን በማስከተብ የማይተካ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ።

5. ተጨማሪ መዳረሻዎች

ተጨማሪ ቀን ያለው ቡድን ከጎባ ተነሥቶ ወደ ሳነቴ አምባ መውጣት ይችላል። በዚያ የሚገኘው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። ከሮቤ በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው፣ የዌብ ወንዝ የሚያቋርጠው የሶፍ ዑመር ዋሻ ደግሞ የተፈጥሮም የሃይማኖትም ቅርስ ነው። ምእመናን የሚያከብሩት ስፍራ በመሆኑ ጎብኚዎች ሥርዓቱን ማክበር ይጠበቅባቸዋል።

የሥዕልና የባህል ዕቃዎች ስብስብ ማየት የሚፈልጉ ቡድኖች በአዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ለዘመናዊ ሥነ ጥበብም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውን የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል በዕቅዳቸው ሊያካትቱ ይችላሉ።

6. ከጉብኝቱ በኋላ

ቅርስ የሚገኘው በሙዚየም ብቻ አይደለም። በባሌ ቤተሰቦች እጅ ያሉ የወተት ዕቃዎች፣ የፈረስ ጌጦች፣ ሲንቄና የእጅ ጽሑፎች የአካባቢው ታሪክ ማስረጃዎች ናቸው። ሲንቄ የሚያገለግልበት የገዳ ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደ ጉባኤ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ሆኖም ዕቃው በመንደር ለመጣ ነጋዴ አንድ ጊዜ ከተሸጠ ታሪኩ አብሮት ይሄዳል።

በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት፣ ማንኛውም ሰው በእርሻ፣ በግንባታ ወይም በሌላ ሥራ አጋጣሚ ቅርስ ሲያገኝ ወዲያውኑ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትም የተከለከለ ነው። ስለሆነም ቅርስ ያገኘ ወይም ሊሸጥ መሆኑን የተረዳ ዜጋ፣ ዕቃውን ሳያጥብና ሳይነቃቅል በአቅራቢያው ለሚገኘው የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ይጠየቃል።