የተፈጥሮ ሣርና ሰው ሠራሽ ሣር፦ ከሂዩስተን ስታዲየም እስከ መኖሪያ ግቢ

በከተማ ውስጥ መኖሪያ ቤት የሚያሠራ ሰው የግንቡ ሥራ ካለቀ በኋላ ከሚገጥሙት ጥያቄዎች አንዱ የግቢው መሬት በምን ይሸፈን የሚለው ነው። ከነሥሩና ከነአፈሩ ተቆርጦ የሚነጠፈው የተፈጥሮ ሣር ውሃና እንክብካቤ ይፈልጋል። ከፕላስቲክ የሚሠራው ሣር ግን ሳይጠጣና ሳይታጨድ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ጉዳዩ የዋጋና የምቾት ብቻ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ሰው ሠራሽ ሣር በየስፍራው በምን ምክንያት እንደተነጠፈ መመርመር ለባለቤቱም ሆነ ለሚያማክረው ባለሙያ የሚጠቅም ትምህርት ይሰጣል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው ሠራሽ ሣር በመጀመሪያ የታሰበው ለመኖሪያ ግቢ አልነበረም። በአሜሪካ ከተሞች የሚያድጉ ልጆች የሚሮጡበት መስክ በማጣታቸው ከገጠር ልጆች ይልቅ የአካል ብቃታቸው ዝቅተኛ መሆኑ በማሳሰቡ፣ በአስፋልትና በሲሚንቶ ላይ ሊነጠፍ የሚችል ምንጣፍ እንዲፈለግ ተደረገ። የሞንሳንቶ ኩባንያ ከናይለን የሠራው ሣርም በ1964 ዓ.ም. በፕሮቪደንስ ከተማ በሚገኘው በሞዝስ ብራውን ትምህርት ቤት ተነጠፈ። የጎደለው መሬት ነበር፤ ምንጣፉም ለዚያ ጉድለት የተሰጠ መልስ ነበር።

ስሙን በዓለም ያስጠራው ግን የሂዩስተን አስትሮዶም ነው። ይህ ባለ ጣራ ስታዲየም በ1965 ዓ.ም. ሲከፈት ሜዳው በሕይወት ያለ ሣር የለበሰ ነበር። የተመረጠውም ዝርያ በኢትዮጵያ ሰርዶ ተብሎ የሚታወቀው ሣር ከሌላ አፍሪካዊ ዘመዱ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ብርሃን እንዲያስገባለትም ጣራው ከ4,500 በሚበልጡ ብርሃን አስተላላፊ የፕላስቲክ ሰሌዳዎች ተሠራ። ነገር ግን ጨረሩ የቤዝቦል ተጫዋቾችን ዐይን እያጥበረበረ ኳሱን ስለሰወረባቸው፣ ከሰሌዳዎቹ የተወሰኑት ቀለም ተቀቡ። ሰርዶ ፀሐይ ወዳድ በመሆኑ ብርሃኑ ሲቀንስበት ደርቆ ሞተ፤ የዓመቱም ጨዋታ አረንጓዴ ቀለም በተቀባ አፈርና በደረቀ ሣር ላይ ተፈጸመ። በ1966 ዓ.ም. የሞንሳንቶ ምንጣፍ ተነጥፎበት በስታዲየሙ ስም አስትሮተርፍ ተባለ። በዚህ ጊዜ የጎደለው ብርሃን ነበር።

ወደ መኖሪያ ግቢ በብዛት እንዲገባ ያደረገው ሦስተኛው ጉድለት የውሃ እጦት ነው። በበረሃ መካከል በተሠራችው በላስ ቬጋስ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ወደ 100 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ይኸውም በአንድ ካሬ ሜትር 100 ሊትር መሆኑ ነው። በዚያው በተካሄደ ጥናት አንድ ካሬ ሜትር የግቢ ሣር በዓመት ወደ 3,000 ሊትር የመስኖ ውሃ ሲፈጅ፣ ድርቅ የሚችሉ ተክሎች የተተከሉበት መሬት ግን ወደ 700 ሊትር ብቻ እንደሚበቃው ታወቀ። ስለዚህ የደቡብ ኔቫዳ የውሃ ባለሥልጣን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሣሩን ለሚያነሣ ባለቤት ገንዘብ ይከፍል ጀመር። ካሊፎርኒያም በድርቅ በተጎዳችበት በ2015 ዓ.ም. የመንደር ማኅበራት ሰው ሠራሽ ሣርን እንዳይከለክሉ የሚያዝ ሕግ አወጣች።

ይሁን እንጂ መልሱ የራሱን ችግር ይዞ መጣ። ሕያው ሣር ከሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ እያተነነ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ፕላስቲክ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። በ2002 ዓ.ም. በዩታ ግዛት የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ሲለኩ፣ የአየሩ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነበት ቀን የሰው ሠራሹ ሣር ገጽ 93 ዲግሪ ደርሶ ተገኘ። ውሃ ሲያጠጡትም ሙቀቱ ከ79 ወደ 29 ዲግሪ ቢወርድም፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ወደ 49፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥም ወደ 73 ዲግሪ ወጣ። ውሃ ለመቆጠብ የተነጠፈው ምንጣፍ እንዲረገጥ ራሱ ውሃ ጠየቀ ማለት ነው። በዚህ ላይ አርጅቶ ሲነሣ መልሶ ለመጠቀም የሚያስቸግር የፕላስቲክ ክምር ይሆናል። ከዚህም የተነሣ ካሊፎርኒያ በ2023 ዓ.ም. ሌላ ሕግ አውጥታ፣ ከተሞች ሰው ሠራሽ ሣርን በመኖሪያ ግቢ ሊከለክሉ እንዲችሉ ፈቀደች። በአንድ ግዛት ውስጥ በስምንት ዓመት ልዩነት ሁለት ተቃራኒ ሕጎች መውጣታቸው ጥያቄው በአንድ ቃል የሚዘጋ አለመሆኑን ያስረዳል።

የአዲስ አበባ ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። በከተማዋ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ይዘንባል፤ ይህም ላስ ቬጋስ ከምታገኘው ከዐሥር እጥፍ ይበልጣል። አውስትራሊያና ካሊፎርኒያ ለግቢ መስክ የወሰዱት ኪኩዩ የተባለው ሣር ኢትዮጵያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች ተወላጅ ነው። እነዚህ ሣሮች በበጋ ቢጫ ቢሆኑም ሥራቸው አይሞትም፤ ክረምት ሲገባ መልሰው ያቆጠቁጣሉ። በበጋም አረንጓዴ ይሁንልኝ የሚል ባለቤት የሚከፍለው የውሃ ዋጋ እንዳለ አይካድም፤ ነገር ግን ለጥቂት ወራት ቢጫ ሣር ማየትን መታገሥ ከሁሉም የሚረክስ ዘዴ ነው።

ይህ ማለት ሰው ሠራሽ ሣር ቦታ የለውም ማለት አይደለም። በሲሚንቶ ሰገነት ላይ ወይም ፀሐይ በማያገኘው የሁለት ግንብ መካከል የፕሮቪደንስና የሂዩስተን ጉድለት በእርግጥ አለ። ዝናብና ፀሐይ የሚያገኘውን ሕያው አፈር ጠጠር ደልድሎ በፕላስቲክ መሸፈን ግን ከመቀዝቀዣው ሣር ጋር መሬቱንም ለተተኪው ነዋሪ መንሣት ነው፤ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችውን አህያ ያስታውሳል። ስለሆነም ምክር የሚጠየቅ ባለሙያ የምንጣፉን ዋጋ ከማስላቱ በፊት በዚያ ግቢ የጎደለው መሬት፣ ብርሃን ወይስ ውሃ መሆኑን አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል። ከሦስቱ አንዱም ያልጎደለ እንደሆነ የሣሩ ምርጫ አስቀድሞ ተወስኗል።