የአሸዋው ልጅ ሪያድ ሲደርስ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ዛሬ የማወራላችሁ ታሪክ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሰውየውም ግዙፍ ነው፣ ስለዚህ አንቸኩልም።

ስፖርት ወዳድ ወጣቶች የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄ አለ። በአጥር ውስጥ ገብቶ በእጅም በእግርም የሚማታ፣ ጠልፎ የሚጥል፣ አንገት አንቆ እጅ የሚያሰጥ የኤምኤምኤ ተፋላሚ ጓንቱን ቀይሮ ወደ ፕሮፌሽናል ቦክስ ቢሻገር ይዘልቃል ወይስ አይዘልቅም? አንዱ «ሁሉን የሚችል ሰው ቡጢ ብቻ እንዴት ያቅተዋል?» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ዕድሜ ልኩን ቡጢ ብቻ ሲማር ያደገ ሰው ፊት ማን ይቆማል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ያልሆነ ነገር አልተናገሩም። እኔ ግን ክርክሩን ከመፍረዴ በፊት አንድ ሰው ከተወለደበት መንደር ተነሥቼ ልከተለው፤ ስሙ ፍራንሲስ ንጋኑ ይባላል።

በምዕራብ ካሜሩን ባቲዬ የምትባል ደጋማ መንደር አለች፤ አፈሯ ቀይ ነው፣ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ሁሉ ይጨቀያል። ፍራንሲስ እዚያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1986 ተወለደ፤ ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ተለያዩ፣ ቤቱም ድሃ ነበርና አካፋ ይዞ ወደ አሸዋ ማውጫው ወረደ፤ ከአዋቂዎች እኩል አሸዋ እየዛቀ መኪና ላይ ይጭን ነበር፣ በዚያ ገንዘብም ደብተር ይገዛ ነበር። አባቱ በጠብ የታወቀ ሰው ነበርና ሰዎች ልጁን እያዩ አባቱን ይመስላል ይሉ ነበር። ልጁም ይህን ሰማ፣ አሰበበትም፤ ከዚያም ጉልበቱ ከአባቱ የመጣ ከሆነ ሕግ ባለበት ቦታ ላውለው ብሎ ቆረጠ። የማይክ ታይሰንን ዝና ሰምቶ ነበርና ምኞቱ ቦክሰኛ መሆን ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የልጅነት ሕልሙ አጥሩ አልነበረም፣ ቦክስ ነበር።

ጓንት ያጠለቀው ግን 22 ዓመት ሞልቶት ነው። ሌሎች በዚያ ዕድሜ ሜዳሊያ ይለቅማሉ። እሱ አንድ ዓመት ያህል ከሠለጠነ በኋላ ሕመም አቋረጠው፤ ያገኘውን ሥራ ሁሉ እየሠራ ቆየ፣ ከዚያም በ2012 ያለውን ይዞ ከአገሩ ወጣ።

መንገዱን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ልጆቻችን በሱዳንና በሊቢያ የሄዱበት በረሃ ወንድሙ ነው። እሱ በናይጄሪያ በኩል ወደ ኒጀር አለፈ፣ ከኒጀርም ሰው በሰው ላይ በተጫነበት ፒክአፕ ሰሃራን ተሻገረ፤ ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ውኃ ሲገኝም ለከብት የማይሰጥ ውኃ ነው፣ ግን ይጠጣል። ከዚያም አልጄሪያ ገባ፣ ከዚያም ሞሮኮ ደረሰ፤ ሞሮኮ ሲደርስ መንገዱ አለቀ ብሎ ነበር፣ ግን ዋናው መከራ ገና መጀመሩ ነበር። ጫካ ውስጥ እያደረ፣ ሌሊት ወደ ገበያው ወርዶ ነጋዴዎች የጣሉትን እየለቀመ ይበላ ነበር። በስፔኗ ግዛት በሜሊያ ያለውን እሾሃማ የሽቦ አጥር ለመዝለል ሞከረ፣ ሽቦውም ገላውን ቆራረጠው፤ በጎማ ጀልባ ባሕሩን ሞከረ፣ ያዙትና መልሰው በረሃው ላይ ጣሉት፤ እሱም በእግሩ ተመለሰ፣ እንደገናም ሞከረ። አንድ ዓመት ያህል እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ ባሕሩ አሳለፈው፤ ስፔን ሲደርስ የተቀበለው ግን እስር ቤት ነው፣ ሁለት ወር ያህል ታሰረ። ሲፈታ ፓሪስ ገባ፤ ዘመድ የለው፣ ገንዘብ የለው፣ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ተጠቅልሎ ያድር ነበር።

እዚያ ሆኖ መጀመሪያ የጠየቀው ምን መሰላችሁ? ዳቦ አይደለም፤ የቦክስ ጂም ነው። ጂም አገኘ፣ ቁመቱንና ትከሻውን ያዩ ሰዎች ግን ኤምኤምኤን ሞክር፣ እንጀራህ ከዚያ ቶሎ ይወጣል አሉት። ስፖርቱን አያውቀውም ነበር። እንደ እሱው የካሜሩን ተወላጅ የሆነው አሠልጣኝ ፈርናንድ ሎፔዝ በሩን ከፈተለት፣ ጂሙ ውስጥም አደረ፤ በኅዳር 2013 የመጀመሪያ ፍልሚያውን አደረገ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ የዚህ ስፖርት ትልቁ ቤት ዩኤፍሲ ገባ። በ2018 ቦስተን ላይ ሻምፒዮኑ ስቲፔ ሚዮቺች እየጠለፈ እየጣለ አምስት ዙር ሙሉ አደከመውና በነጥብ አሸነፈው፤ ንጋኑ ያን ትምህርት ይዞ ተመለሰና መጋቢት 2021 ላስ ቬጋስ ላይ ያንኑ ሰው በሁለተኛው ዙር ዘረረው። አሸዋ ጫኙ ልጅ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ልጅነቱ የተመኘው ቀበቶ ግን ይህ አልነበረም።

አሁን ታሪኩን ትንሽ ላቁመውና ስለ ሙያው ልንገራችሁ፤ ያለዚህ የሚመጣው አይገባም። በአጥር ውስጥ ዙሩ አምስት ደቂቃ ነው፣ ጓንቱ 4 አውንስ ብቻ፣ ጣቶችም ለመያዝ ክፍት ናቸው። በቦክስ ዙሩ ሦስት ደቂቃ ሆኖ እስከ 12 ይደርሳል፣ የከባድ ሚዛን ጓንት 10 አውንስ ነው፣ ቦክሰኛውም ከዚያ ወፍራም ጓንት ኋላ ፊቱን ይከልላል። የኤምኤምኤ ሰው እግሩን ሰፋ አድርጎ ዝቅ ብሎ ይቆማል፣ ምክንያቱም ባላጋራው ጭኑን ሊረግጠው ወይም ጉልበቱን ይዞ ሊጥለው ይችላል፤ ያ አቋቋም መሬት ላይ ከመውደቅ ያድነዋል እንጂ ጭንቅላቱን ከተከታታይ ቡጢ አያድነውም። ተቃቅፈው ሲያዙ ቦክስ ላይ ዳኛው ይለያቸዋል፤ አጥሩ ውስጥ ግን ሥራው የሚጀመረው እዚያ ነው። አንዱ ሲወድቅ ቦክስ ላይ አሥር ይቆጠርለታል፤ አጥሩ ውስጥ ባላጋራው ላዩ ላይ ይወጣበታል። የቦክሰኛ እጅና እግር እንደ ሸማኔ እጅና እግር ነው፤ እጁ መወርወሪያውን ሲልክ እግሩ መረገጫውን ይረግጣል፣ ሳያስበው፣ ከልጅነቱ ስለተቀመጠበት። ጉልበታም ሰው መጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ቢቀመጥ ክሩን ሊበጥስ ይችላል፤ ጥለት ለማውጣት ግን ዓመታት ያስፈልጉታል።

ሌሎችም በዚህ በር ሞክረዋል። የኤምኤምኤ ተፋላሚው ኮነር ማክግሪገር ነሐሴ 2017 ላስ ቬጋስ ላይ ከቦክሰኛው ከፍሎይድ ሜይዌዘር ጋር ቆመ፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጥሩ መታ፣ ሜይዌዘር ግን እስኪደክም ጠበቀውና በ10ኛው ዙር ጨረሰው። ሌላው የኤምኤምኤ ሰው አንደርሰን ሲልቫ ደግሞ በ46 ዓመቱ ሜክሲኮ ድረስ ሄዶ የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝ ጁኒየርን በነጥብ አሸነፈ፤ ስለዚህ በሩ ፈጽሞ ዝግ ነው የሚል ሰው ይህን ያስታውስ። ከወዲያኛው ወገንም ልንገራችሁ፤ ቦክሰኛው ጄምስ ቶኒ በ2010 ወደ አጥሩ ሲገባ ራንዲ ኩቱር ወዲያው እግሩን ይዞ ጣለውና በመጀመሪያው ዙር አንቆ እጅ አሰጠው።

ወደ ሰውያችን እንመለስ። ንጋኑ ጥር 2023 ከዩኤፍሲ ወጣ፤ ቀበቶውን ትቶ ወጣ፣ ቦክስ የመግጠም ነፃነትን ፈልጎ ነበርና። ብዙ ሰው ተሳስቷል አለው፤ እኔ ግን በረሃ የተሻገረለትን ሕልም በ36 ዓመቱ ለመጨረሻ ጊዜ ቢያሳድድ የሚወቅሰው አይታየኝም። ከዚያም ጥቅምት 28 ቀን 2023 ሪያድ ላይ፣ በመጀመሪያው የቦክስ ግጥሚያው፣ ተሸንፎ ከማያውቀው ከታይሰን ፉሪ ጋር ተፋጠጠ። ፉሪ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲም የሚረዝም እንግሊዛዊ ነው፤ አባቱ ታይሰን ብሎ የሰየመው በማይክ ታይሰን ስም ነው። ማይክ ታይሰን ራሱ ግን በዚያ ግጥሚያ የቆመው ከንጋኑ ጎን ነበር፣ ሲያዘጋጀው ሰንብቶ።

ሁለት ዙር አለፈ፤ ፉሪ ይጫወታል፣ ንጋኑ ይጠብቃል። በሦስተኛው ዙር ፉሪ ሊመታ ገባ፣ ንጋኑ ግራ እጁን ከጎን አዙሮ ጭንቅላቱን አገኘው፣ ያም ረጅም ሰው ወለል ላይ ተዘረጋ። ንጋኑ እዚያው ትንሽ ጨፈረ፤ ዕድሜ ልኩን የጠበቃት ጭፈራ ነበረችና ማን ይነፍገዋል? ፉሪ ተነሣ፣ ግጥሚያው 10 ዙር ተካሄደ፣ ሦስቱ ዳኞችም ተለያዩ፤ አንዱ 95 ለ94 ለንጋኑ ሰጠ፣ ሁለቱ 95 ለ94 እና 96 ለ93 ለፉሪ ሰጡ። የዓለም ቦክስ ምክር ቤትም አንድ ጊዜ ብቻ ገጥሞ የተሸነፈውን ሰው 10ኛ አድርጎ መደበው።

እንደ እኔ እንደ እኔ ፉሪ ያን ቀን በንቀት ነው የመጣው፤ ሰውነቱ ይናገር ነበር፣ ከሌላው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ከኦሌክሳንደር ኡሲክ ጋር ለሚያደርገው ትልቅ ግጥሚያም አስቀድሞ ፈርሞ ነበር። ይህ ግን የንጋኑን ሥራ አያሳንስም፤ ተረጋግቶ ቆመ፣ ትንፋሹን ቆጠበ፣ ሲተቃቀፉም የትግል ጉልበቱን ተጠቀመበት።

ከዚያ መጋቢት 8 ቀን 2024 መጣ፣ ሪያድም ያችው ሪያድ ናት፤ አሁን ግን ከፊቱ የቆመው አንቶኒ ጆሹዋ ነው። ያን 2012 የሚባል ዓመት አስታውሱልኝ፤ ንጋኑ በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት፣ በዚያው ዓመት በነሐሴ ጆሹዋ ለንደን ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ አጥልቆ ነበር። አንዱ አሠልጣኝ፣ ሐኪም፣ ምግብ ተሟልቶለት እጅና እግሩን ሲያዋድድ ሌላው ውኃ ይፈልግ ነበር። በድፍረት ንጋኑ አያንስም፣ በጉልበትም አያንስም፤ የጎደለው እነዚያ ዓመታት ናቸው። ጆሹዋ ደግሞ የፉሪን ውድቀት አይቶ፣ ተዘጋጅቶ፣ አክብሮት መጥቷል፤ ሰው ሲያከብርህ ነው የሚያስፈራው። በመጀመሪያው ዙር ቀኙን ሰደደና ጣለው። በሁለተኛው ዙር ደግሞ ጣለው፣ ንጋኑ ተነሣ፤ ከዚያ ሌላ ቀኝ መጣ፣ ቀጥ ያለች፣ ያቺ ግዙፍ አካል በጀርባዋ ወደቀች፣ ዳኛውም ሳይቆጥር አስቆመው።

ስለዚህ ለተከራካሪዎቹ የምመልሰው ይህን ነው። የኤምኤምኤ ሰው ቦክስ ሪንግ ውስጥ መቆም ይችላል፤ የናቀውን ሻምፒዮን መጣል ይችላል፣ ዘመኑ ያለፈበትንም ሆነ የሰነፈውን ማሸነፍ ይችላል። አውቆት፣ አጥንቶት፣ ተዘጋጅቶ የመጣ የደረጃው ቁንጮ ፊት ግን በዘገየ ዕድሜ የጀመረ ሰው አይዘልቅም። ንጋኑን ከአሸዋው ጉድጓድ በ12 ዓመቱ አንሥቶ ጂም ያስገባው ሰው ቢኖር ኖሮ የዚያች ምሽት ውጤት ሌላ በሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የአፍሪካ ድህነት ስንት ጥበበኛ እጅ እንደቀበረ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ያም ዓመት ገና አልጨረሰውም። ከጆሹዋ ግጥሚያ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ የ15 ወር ሕፃን ልጁ ሞተበት። እግዚአብሔር ያጽናው ከማለት በቀር ምን ይባላል? ወደ ስፖርቱ አይመለስም ያሉ ነበሩ፤ እሱ ግን ጥቅምት 2024 ለልጁ መታሰቢያ ብሎ ሪያድ ላይ እንደገና ገባ፣ አሁን ወደ አጥሩ። ባላጋራው ብራዚላዊው ሬናን ፌሬራ ነበር፣ ቁመተ ረጅም መቺ። ንጋኑ ከእሱ ጋር ቆሞ ቡጢ አልተለዋወጠም፤ ይዞ መሬት ላይ ጣለው፣ ላዩ ላይ ወጣ፣ እዚያው በመጀመሪያው ዙር ጨረሰው። ሪንግ ውስጥ ቢሆን ዳኛው ጣልቃ ገብቶ የሚቀጣበት ሥራ ነው፤ እዚህ ግን 11 ዓመት የለፋበት የገዛ ሙያው ነው።